ሞያሌን የተሻገረ ቅቤ

ግቢ ፀዱዬ፣ ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው። ጫማሽን አታውልቂ፣ ቤቴም ከደጁ ብዙ አይሻል። ይኸው የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋጉን ተከናንቦ ፊቱን አላሳይም ብሏል። ባጃጆቹም ጭቃውን ፈርተው ሰዉን አስፋልቱ ላይ እያራገፉት ይመለሳሉ። ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ ቀልሟል የኔ ልጅ።

ወንፊት ነው የፈለግሽው? አለ፣ እሰጥሻለሁ፤ ተቀመጪ። ምን ልትነፊበት ነው ግን? … በሶ። በዚህ ዝናብ ገብስ ቆልተሽ አስፈጭተሽ… ጎበዝ ነሽ። ብብትሽ ሥር ያለውስ የኮባ ጥቅል አይደል? ሽታው እኮ ካንቺ ቀድሞ ገባ። የበዴሳ ቅቤ ነው፣ አልሳሳትም። ሰው ብሳሳት እንኳ ቅቤ አልሳሳትም።

ለሚስጥር ነው በይኛ። እህትሽ ወሯ ገባ ማለት ነው? እሰይ፣ ማርያም ታቅልልላት። ናይሮቢ መሆኗ ነው እንጂ የሚከፋው… ለምጡስ እዚያም ሐኪም አለ። ገንፎውን ማን ያገነፋላታል? እናታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቢኖሩ ኖሮ በእግራቸውም ይሄዱ ነበር። አሁን እናቷ አንቺ ነሽ። እና… በማን ልትልኪው አሰብሽ?

አሃ።

በእሳቸው።

ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው እንጂ። ለልጃቸው ሠርግ በልጃቸው መኪና ናይሮቢ ድረስ የሚወርዱ ሰው እያሉልሽ ምን ሌላ ትፈልጊያለሽ? መኪናው ሰፊ ነው። ልባቸውም ሰፊ ነው። ሆዳቸውም… ቻይ ናቸው ማለቴ ነው።

እኔ ስማቸውን አላነሳም። አበልጄ ናቸው። ሊድያዬን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሱልኝ፣ ቄሱ ፊት አቅፈዋት «ከእንግዲህ ልጄ ናት» ያሉ ሰው ናቸው። ማኅበርም አብረን ነው የምንጠጣው። ሰፈሩ «አባይነሽ ምላሷ ረጅም ነው» ይላል፤ ይበል። ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ እንጂ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ለምን ተቀመጪ አልኩሽ ታዲያ? ምስጋና ቆመው አይሰሙትም።

ሕግ አክባሪነታቸውን ታውቂያለሽ? አታውቂም። እኔም አምና ነው ያወቅኩት።

አምና ሊድያዬ እዚያው ናይሮቢ የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል፣ እኔን ይሄ ጉልበት እንደ በግ አስሮ አስቀረኝ። እሳቸው ደግሞ ለልጃቸው ቀለበት ሊሄዱ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። ለምኛቸው እንዳይመስልሽ። በራሳቸው እግር መጥተው፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጠው፣ «አበልጄ፣ የልጄን የአራስ ቅቤ እኔ ካላደረስኩ ማን ሊያደርስ ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ? እኔ እንጃ፣ እኔስ ሌላ አላየሁም።

የፈጠነችን ልጅ ጦናን ታውቂው የለ፣ ሞያሌ የሚመላለሰውን ሹፌር። ያን ጊዜ መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ከመንገዱ በፊት ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። «ኬላው ላይ ምግብ ይዛችኋል ወይ ስትባሉ ይዘናል በሉ። ጥሬ ሥጋ አይሆንም፣ ያልፈላ ወተት አይሆንም፣ አፈር የነካው ሥር፣ ችግኝ፣ እርጥብ ቅጠል አይሆንም። የተነጠረ፣ የተቆላ፣ የደረቀ ከሆነ አውጥታችሁ አሳዩ፤ አይተው ይወስናሉ። ከመያዙ የባሰ መደበቁ ነው የሚያስቀጣው» አለን። ሕጉ ይኸው ነው። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ እንኳ ገባኝ።

እርጥብ ቅጠል ሲል ምኑን እንደሆነ ጠየቅኩት። ኮባን ነው ለካ። እኛ ሶዶዎች ቅቤ ኮባ ካልለበሰ ራቁቱን የወጣ ይመስለናል፤ ለእነሱ ግን ተክል ነው፣ የተክል በሽታ ይዞ ይገባል ይላሉ። እኔም ኮባውን ገፍፌ ቅቤውን አነጠርኩት። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በመጨረሻ ደግሞ ጤና አዳም ጣል አደረግኩበት። ጤና አዳሟ የእናቴ ናት፤ በዚህ ሰፈር ሌላ ሰው አያደርጋትም። ነጭ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ክዳኑ ተሰንጥቆብኝ ነበር፤ በቃጫ ሰፋሁት። ስፌቴን ታውቂዋለሽ፣ አንዱን ጥልፍ በአንዱ ላይ እየደረብኩ ነው የምሄደው። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ አስረከብኩ። ተሳሙ፣ ሄዱ።

እንግዲህ የቀረውን ጦና ለእናቱ ነገራት፣ እናቱ ለእኔ። እኔ ደግሞ ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ማንም አይደለሽማ።

እሳቸው ለአማቾቻቸው የእኛን አገር ጥሬ ሥጋ ማብላት አማራቸው። ማን ያማል? ደግ ሰው ሁልጊዜ ለሌላው ማብላት ያምረዋል… ከየትም ያምጣው። ብሩንዶውን በበረዶ ሳጥን አሽገው፣ ሳጥኑን ከእግራቸው ሥር አድርገው፣ በነጠላ ሸፍነው ወረዱ። ጦና የነገራቸውስ? እሳቸው እኮ የተማረ ቤተሰብ ናቸው፤ ሹፌር የነገራቸውን ሰምተው ምን ሊሆኑ ነው?

ያቤሎ ላይ በረዶው ቀለጠ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ እዚያ እንኳን በረዶ ሰውም ይቀልጣል። ኬላው ላይ የምትጠይቀው ወጣት ሴት ናት፤ ጦና ያስተረጉማል። «ማማ፣ ምግብ አለ?» ስትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «በጾም ምን ምግብ አለ ልጄ።» ፀዱዬ፣ ጾም አልነበረም። የጾም ፍቅራቸው ብዛቱን እይልኝ፤ በፍስኩም ይጾማሉ። እኔ የማልችለው ይሄን ነው።

«ሳጥኑስ ምንድን ነው?» አለቻቸው። «ጸበል ነው፤ የተባረከ ስለሆነ አይከፈትም» አሏት።

ጸበሉ ከሥር ቀይ እየሆነ ይንጠባጠባል።

ጦና ይቺን ቃል ሲያስተረጉም ላብ ነው ያጠመቀው አለች እናቱ። ልጅቷ ሳጥኑን ከፈተች። ከዚያማ ጸበሉ ለሁሉም ሸተተ። እዚያው ፊታቸው ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሰው ጉድጓድ ከተቱት። እሳቸው አንገታቸውን አልደፉም፤ እንዲህ ያለ ጽናት ለስንቱ ይሰጣል? «ጥሬ ሥጋ ነበር እንዴ? እኔ ጸበል ነው የተባልኩት» ብለው ጦናን አዩት። ምስኪን ጦና። ሥጋውን የጫነ እሱ ሆኖ አረፈው።

ባልዲዬንስ? ጦና ራሱ አውርዶ ክዳኑን ከፈተላት። «ንጥር ቅቤ ነው፣ ለአራስ የሚሄድ» አላት። አየችው፣ አሸተተችው፣ እንዴት እንደተነጠረ ጠየቀችው፣ ነገራት። ክዳኑን መለሰችና በእጇ «እለፉ» አለች። ይኸው ነው። ሁሌም የሚያልፍ እንዳይመስልሽ፤ ሌላ ቀን ሌላ ጠያቂ ሊከለክለውም ይችላል። ያን ቀን ግን አለፈ። ቅቤዬ አገር ተሻገረ። እኔ ያልተሻገርኩትን።

ናይሮቢ ሲደርሱ ጦና «ባልዲውን ሊድያ ቤት አድርሼ ልምጣ» አላቸው። «ተወው፣ ልጄ እኮ ናት፣ በእጄ ነው የምሰጣት» አሉት። የእናት ቃል። ምን ይላል ጦና?

ተመልሰው ሲመጡ ማኅበሩ እኔ ቤት ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሰው የሞተ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «አባይነሽ፣ ጠንከር በይ» አሉኝ። ቅቤዬን ነው ያረዱኝ። «ሕግ ነው፤ ሕግ ምን ይደረጋል? ሥጋውንም ቅቤውንም አንድ ጉድጓድ ጨመሩብን። ለሥጋዬ አላለቀስኩም፣ ለአራሷ ቅቤ ግን አለቀስኩ» አሉ። እውነትም ዓይናቸው ቀልቷል። ማኅበርተኛው ሁሉ አጽናናቸው። እኔም አጽናናኋቸው። የእኔ ቅቤ ተቀብሮ እኔ አጽናኝ ሆንኩ… እንዲህ ያለ ጸጋ ያላቸው ሰው ናቸው።

በማግስቱ ሊድያዬ ደወለች። ያን ሁሉ ቀን የሱቅ ቅቤ ነበር የምትበላው፤ «እማዬ፣ ምላሴ ላይ እንደ ሻማ ነው የሚቀረው» ትለኛለች። ያን ቀን ግን ድምጿ ሌላ ነው። ባሏ የክርስትና እናቷ ልጅ ቀለበት ላይ ተጠርቶ ነበር። ለአራሷ ብሎ የተረፈውን ክትፎ በፎይል ሸፍኖ አምጥቶላታል። «እማዬ» አለችኝ፣ «አንድ ጉርሻ ጎረስኩና አንቺ ቤት ውስጥ ያለሽ መሰለኝ። ጤና አዳም አለው።»

ልጅ አይደለችም፣ ገብቷታል። የራሷን የአራስ ቅቤ፣ የሰው ቀለበት ላይ፣ ከተረፈው… ይሁን። ደረሳት አይደል? በእጃቸው ባይሆንም በትርፍራፊ ደረሳት። ቃላቸውን አልበሉም። ቃላቸውን ብቻ ነው ያልበሉት።

አልተጣላኋቸውም። ክርስትና እናት ጋር ይጣላሉ እንዴ? ምናልባት እኮ እውነትም ቅቤው ተቀብሮ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ስገስጽ ከረምኩ። ምናልባት ናይሮቢም ጤና አዳም የሚጨምር ሰው ይኖራል። ታዲያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጓሮዬን ጎመን ልቆርጥ ስወጣ ዓይኔ በሚያዋስነን አጥር ሾለከ። እኔ አላየሁም፣ ዓይኔ ነው። የእሳቸው ዶሮዎች ውሃ ይጠጣሉ። በነጭ ባልዲ። ክዳኑ አጠገቡ ተገልብጧል፣ የቃጫው ስፌት ጥልፍ በጥልፍ ላይ…

እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጂኝ። ቅቤውን ቀብሮ ባልዲውን አጥቦ የሚመልስ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ደግ መንግሥት ነው መቼም። ለዶሮዎቻቸው አስቦ ነው።

አሁን ዘንድሮ ሠርጉ ደረሰ። ትናንት ደግሞ ሠራተኛቸውን ልከውብኝ «ለሊድያ የምትልኪው ካለ አዘጋጂ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ» አሉኝ። ልባቸው አይደክምም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሕጉ አይፈቅድም ብለውኝ የለ? እሳቸውን ደግሞ ለቅቤ አላስለቅስም» ብዬ መለስኩ።

አንቺን ግን አትላኪ አላልኩሽም። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሚስጥር ያንቺ እህት ናት፣ ቅቤውም ያንቺ ነው፣ እሳቸውም የታመኑ ሰው ናቸው። ብቻ ሠርግ ትልቅ ድግስ ነው፤ ክትፎው ብዙ ነው፤ አማቾቹም አምና የቀመሱትን ሳይጠይቁ አይቀሩም…

ለምን አፈጠጥሽብኝ? ወዴት ተነሳሽ? ተቀመጪ እንጂ።

በነገራችን ላይ፣ ጦና በሚቀጥለው ማክሰኞ የሌላ ሰው መኪና ይዞ እዚያው ይወርዳል ስትል እናቱን ሰማሁ። የእሳቸውን ዘንድሮ አልነዳም ብሏል አሉ፤ ጸበል ከበደው መሰለኝ። እናቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤቷ። መንገድሽ ላይ ነው። እኔ የወፍጮ ቤቱን ነው የነገርኩሽ።

አምጪው ያን ኮባ። በዚህ ከሄደ ማንም ቢወስደው ኬላው ላይ ይቀራል። እሳቱ እንዳለ ነው፣ እዚሁ እናንጥረው። በሶውን ከነፋሽ በኋላ በደረቅ ከረጢት አድርጊው፣ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ እንዲናገር ለሹፌሩ ንገሪው… ለየትኛው ሹፌር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ዳጣ ደግሞ እልካለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ፤ እርጥብ ቃሪያ ነው፣ መንገድ ላይ ይፈላና መኪናውን ሁሉ ያስነጥሳል። ጤና አዳም ልጨምርልሽ? አይ፣ ላንቺስ ቅር አይለኝም። ሚስጥርም እንደ ልጄ ናት… ተይው፣ ይቺን ቃል ሌላ ሰው ወስዷታል። ሚስጥር እህትሽ ናት።

እሳቸውን መንገድ ላይ ካገኘሻቸው ሰላም በያቸው። ቅቤውስ ካሉሽ «ገና አልነጠረም» በይ፤ ውሸት አይደለም፣ ይኸው ገና እየቀለጠ ነው። ቂም የያዝኩ እንዳይመስላቸው ደግሞ ምርቃቴን አድርሺልኝ። ከልቤ ነው። አንድ ቃል ሳታጎድይ አድርሺ፤ እኔ እንኳ መልእክት ሲጎድል አልወድም።

የልጃቸውን ሠርግ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው። ሙሽራይቱ ዓመት ሳይሞላት ታርግዝ፣ በዘጠኝ ወሯ ማርያም በሽልም ታውጣት። እሳቸውም በዚያን ጊዜ እንደ እኔ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቤት ቢውሉ፣ እጃቸው ግን አይዛል፤ ለልጅ ልጃቸው እናት ኮሰረቱን ለቅመው ቅቤውን ያንጥሩላት። ኬላው ወለል ብሎ ይከፈትላቸው። መንገደኛ አይጥፋባቸው። ቅቤያቸውን ተቀብሎ፣ «ልጄ እኮ ናት፣ በእጄ ነው የምሰጣት» ብሎ የሚወስድላቸው፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ታማኝ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ሩኅሩኅ አበልጅ… እግዚአብሔር አይንሳቸው።

አሜን በይ እንጂ ፀዱዬ።