አልጋ ያላት መኪና

አትላስ አካባቢ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ አልጋና ምድጃ ያላትን አሮጌ መኪናውን በርካሽ እንደሚሸጥ ሰማሁ። እኔና ባለቤቴ በየገበያው እየዞርን ጨርቅ ስለምንሸጥ፣ የአልቤርጎ ወጪ ይቀርልናል ብዬ ያለችንን ጥሪት ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ፈረንጁ ሊብሬውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ፣ የግቢው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ እንዳትገዛት። ከተማ ውስጥ አይታወቅባትም እንጂ ሩቅ መንገድ ላይ ሞተሯ ይግልና ቀጥ ትላለች" አሉኝ። ትቻት ልሄድ ስል በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየሁ፤ አልጋው ላይ የታጠፈ ጋቢና አንድ ዳዊት ተቀምጧል።

"አባባ፣ እዚህ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ?"

"እኔ ነኝ። መኪናዋ ደህና ናት፤ ማደሪያ እንዳላጣ ፈርቼ ነው" አሉ። የትኛውን ቃላቸውን ልመን? የኋለኛውን አምኜ ገዛኋት። እሳቸው ጋቢና ዳዊታቸውን አውጥተው የግቢውን በር ከፈቱልኝ፤ "ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ" እያሉም አስወጡኝ። ደሴ ድረስ አንዴም ሳትቆም አደረሰችን። ባለቤቴ "አልጋው እንዴት ይመቻል!" ስትል ግን፣ የሽማግሌው ማደሪያ ትዝ ብሎኝ እኔ ፊት ወንበር ላይ ተኛሁ።