ፍላሿን አላውቃትም ያለው ኮምፒውተር

— ሄሎ… ኧረ እኔ አልታመምኩም! ማን ነው ታመመች ያለህ?… ሜሪ? ይቺ ልጅ! «ኮምፒውተሩን አሞታል ብለሽ ንገሪልኝ» ብላት እኔን አልጋ ላይ አስተኛችኝ?… ደህና ነኝ። ይኸው ቆሜ ነው የማወራህ። ተረጋጋ ኢያቄሜ፣ ጸሐይወርቅ በቀላሉ አትሞትም።

— አዎ፣ ፍላሿን ነው። አላውቃትም አለ። ያቺን መዝሙር የሞላህልኝን… እሰካታለሁ፣ ዝም። ገባች እንኳ አይልም።

— ሚስትህስ? ፌኔት ደህና ናት?… ተመስገን። አዲሱን ሰፈር፣ ለቡን ለመደችው?… እኛማ ምን እንሆናለን። አንተ ከወጣህ ወዲህ ፊት ለፊቴ ያለው በር እንደተዘጋ ነው። አዲሱ ተከራይ ሲያገኘኝ ጭንቅላቱን ነቅነቅ፣ በቃ፣ ሰላምታው ያቺው ናት።… እሺ፣ እሺ፣ ወደ ኮምፒውተሩ።

— በርቷል።… ተሰክታለች፣ በፊት በኩል።… መብራቷ? ቆይ መነጽሬን… ግቢ ሜሪ፣ ክፍት ነው! ጀሪካኑን እዚያው በሩ ጋ አድርጊው። ኢያቄም ነው፤ ልትገድይኝ ነበር አሉ!… ሂጂ፣ ውሃው ሳይሄድብሽ ቅጂ።… ሄሎ፣ አለሁ። መብራቷ… እ… የጠፋች መሰለኝ።

— ሰው ትልክልኛለህ? የምን ሰው?… አይሆንም፣ የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም። አንተው ስትመጣ ታየዋለህ።… ሥራ በዝቶብህ?… አውቃለሁ ልጄ።… እሺ፣ በስልክ እንሞክረው።

— ልንቀላትና ከኋላ ልሰካት?… ይኸው… ነቀልኳት።

— ሄሎ?… ኢያቄም! ትሰማኛለህ?… ኮምፒውተሩ?… አዎ፣ ጮኸ። ዱ-ዱም አለ።… ሲሰኩለት ድምፁ ወደ ላይ፣ ሲነቅሉበት ወደ ታች… አሃ። እና ወደ ታች ቢሆንስ?…

— እ… መግባቷን ካላወቀ መውጣቷን አያውቅም ነው የምትለኝ።… ይሄን ግን አላስተማርከኝም እኮ!

— አትሳቅ!… ምንም አልሆነም፣ ጠዋት ሙሉ ሲዘምርልኝ ነበር።… ያኔ ማውሱማ የእውነት ነው የተበላሸው፣ እግዜር ያውቃል!… ኪቦርዱን ተወው። ስለ ኪቦርዱ አንነጋገር።

— ምን ላድርግ ታዲያ? ከለቡ ጀሞ አንድ ታክሲ ነው። ና ስልህ «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» ትልና ትቀራለህ። ተበላሸ ያልኩህ ቀን ከች ትላለህ።… አልተቆጣሁም። እውነቱን ልንገርህ? አንዳንዴ ዝም ብዬ እሰካታለሁ፣ እነቅላታለሁ። ድምፁን ልስማው ብዬ። ገባ… ወጣ… ቤት ውስጥ የሚመላለስ ሰው ያለ ይመስላል።… ኧረ አትበላሽም፣ ቀስ ብዬ ነው።

— ምን እያየህ ነው?… ካላንደር? እሺ፣ እይ።

— ቅዳሜ? ከፌኔት ጋር?… ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ። በል ሥራህን ሥራ፣ ልዝጋው… እ? ምን አልክ?… «ምንም ካልተበላሸ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» ትላለህ?… ግድ የለህም፣ እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር ይበላሻል።