የየት አገር ባንዲራ

እሑድ ጠዋት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄደው ባስ ውስጥ። ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ አንዲት ወጣት በአማርኛ ስልክ አውርታ ስትዘጋ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ኤርትራዊ አዛውንት ጭኗ ላይ የተኛውን ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ አዩት።

«የየት አገር ባንዲራ ነው፣ ልጄ?»

«የአገር አይደለም፣ አባባ። የፕራይድ ነው። ዛሬ ዳውንታውን ፓሬድ አለ።»

«ፕራይድ የምን በዓል ነው?»

«ድሮ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶች፣ ሴት የሚወዱ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ባር ነበር። ፖሊስ እየመጣ ያፍሳቸው ነበር።»

«አፈሳ? አሜሪካ ውስጥ?»

«አዎ፣ አፈሳ።»

«አፈሳማ አውቃለሁ። አስመራ ወንድሜን የወሰዱት በአፈሳ ነው።»

«እነዚህ ግን አንድ ቀን አንታፈስም ብለው ፖሊሱን ገጠሙት። በዓመቱ ያንን ቀን አስበው ሰልፍ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሆነ።»

«እኛ አፈሳን ስናስብ እናለቅሳለን። እነሱ ይጨፍራሉ?»

«የምንጨፍረው እምቢ ስላልን ነው፣ አባባ።»

«‹ስላልን› አልሽ።»

«አዎ፣ ‹ስላልን› ነው ያልኩት።»

ባሱ ቆመ፣ ሰው ጭኖ ሄደ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አሁን በስልክ ያወራኋት እሷን ነው። ቀድማኝ ሄዳ ቦታ ይዛልኛለች።»

«ታዲያ ከፍ አድርገሽ ያዢው እንጂ። ጫፉ መሬት ነክቷል፤ ባንዲራ መሬት አይነካም።»

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት፤ ባሱን የሚያስቆመውን የደወል ገመድ ግን አልሳብኩም።