ላጲሶ እስኪቆጥር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የቀበሌያችን ጓዶች፤ ወይዘሮ ወርቅዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቢተው እባላለሁ። የጋሽ ነገራ የመጀመሪያ ተማሪ ስለሆንኩ ተናገር ተብያለሁ። እኔ ግን ቅሬታ ይዤ ነው የቆምኩት፤ ታገሡኝ።

ቀናሁ። ከሰባ ሁለት ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀናሁ።

ኦሎምፒያ ጋ ያለውን የቀበሌ አዳራሽ ታውቁታላችሁ። እሑድ ስብሰባው ሲያበቃ ወንበሩን ጥግ አስይዘን ካራቴ እንማር ነበር። አንድ ሰው እስከ አሥር ይቆጥራል፤ በየቁጥሩ ሁላችንም ቡጢ እንሰነዝራለን። መቁጠር የጎበዝ ነው ብለን ነበር። ጋሽ ነገራ ግን የዕለቱን ደካማ ያስቆጥራሉ። ደካማው ማነው? ላጲሶ። ያ ምላሱ የሚይዘው ላጲሶ።

"ሦ... ሦ..." ይላል። እኛ ጉልበታችንን አጥፈን ቆመናል፤ ጭናችን ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ሳይጠራ ማን ይሰነዝራል? አንድ ቀን ሦስት ብዬ ጨረስኩለት። ጋሽ ነገራ አልተቆጡም። "ከአንድ ጀምር፣ ላጲሶ። እንጠብቅሃለን" አሉት። ያን ቀን ላጲሶን ጠላሁት።

ደሪቱስ? ሰላምታዋ እንኳ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ጥቁር ቀበቶ ያገኘሁ ዕለት፣ ጋሼ ቀበቶዬን እያሰሩልኝ ዓይናቸው ኋላ ረድፍ እሷ ዘንድ ነበር። እኔስ? ምን አጠፋሁ? ጉብዝና ጥፋት ነው?

በኋላ ብልሃት አገኘሁ፤ ማነከስ ጀመርኩ። ሳቁ ግድ የለም። በሁለተኛው እሑድ ጋሼ ጠጋ ብለው፣ ባለፈው በግራህ ነበር፣ ዛሬ በቀኝ ሆነሳ፣ አሉኝ በጆሮዬ። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ለካ ያዩኝ ኖሯል።

መቃብሩ ዘንድ ተሰልፈን፣ እስከ አሥር ቆጥረን እጅ እንድንነሣ ተስማምተን ነበር። መቼም ቆጣሪው ላጲሶ ነው ብዬ ዛሬም ቀናሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ግን ላጲሶ አጠገቤ መጣ። "ቢ... ቢተው፣ ዛሬ አንተ ቁጠር" አለኝ። ለምን ስለው ፊቴን አየና መሀረቡን ሰጠኝ።

ጋሼ፣ ሰባት ዓመት የተመኘሁት ደረሰኝ። ይኸው ልጆችዎ ተሰልፈዋል። ደሪቱ ከፊት ናት።

አንድ።

ሁለት።

ሦ...

ላጲሶ፣ አትጨርስልኝ። ጋሼ፣ እሱን እንደጠበቁት እኔንም አንዴ ይጠብቁኝ።

ሦስት።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።

አራት።