የእሜቴ ጠጠር ድንጋዮች እና ያጠቧቸው እጆች

ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት ታናሽ ወንድማቸው በመሆኔ ነው፤ ድምፄ ቢሻክር ግን ሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠ፣ ሊዋጥም ሊተፋም ያልቻለ ነገር አለና እሱንም ጨምሬ አነባለሁ።

እኅታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የቤቱ በኩር ሆነው ተወለዱ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃን በትጋት ካጠናቀቁ በኋላ በአንድ የሴራሚክ መሸጫ ተቀጥረው፣ የወለልና የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ለደንበኛ እያሳዩ፣ ስባሪውን እየለቀሙ፣ ጡረታ እስኪወጡ በዚያው ሠሩ። ድንጋይ መሰብሰብ የጀመሩትም እዚያው ነው። አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ከተራገፈ ጠጠር ውስጥ ብር የመሰለ ድንጋይ አንሥተው፣ በተሰበረ ሴራሚክ ጀርባ፣ ባልተወለወለው ሸካራ በኩል ቢፈትጉት፣ ድንጋዩ ደም የመሰለ መስመር አሰመረ። ብረት ያለበት ማዕድን መሆኑን ከመጽሐፍ ካረጋገጡ ወዲያ እጃቸው ከድንጋይ ተለይቶ አያውቅም፤ ጎረቤቱም እሜቴ ጠጠር ብሎ ስም አወጣላቸው።

ጠጠሩን ያራገፉት የጭነት መኪና ሾፌር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ባገኙ ቁጥር ወደ ሱቁ መመላለስ አበዙና ከእኅታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። ሌላው ለእጮኛው ሽቶ ሲገዛ፣ እኚህ ሰው በመዶሻ ሲመታ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ድንጋይ ይዘው መምጣታቸው ዕድሜ ልክ አሣቃቸው። ከዚህም ጋብቻ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው፣ አሳድገውና አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

እኅታችን ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር፣ የተገኘበትን ቦታ የጻፉባት ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ድንጋይ ምን እንደሆነ ፈትገው፣ መዝነው፣ ማግኔት አስጠግተው ሊያውቁት ይችላሉ፤ ከየት እንደመጣ ግን ሰው ካልተናገረለት ዲዳ ነው ይሉ ነበር። ወርቅ የሚመስለው ቢጫው ድንጋይ ሴራሚኩ ላይ ጥቁር እንደሚያሰምር፣ ወርቅ ቢሆን ግን ቢጫ ያሰምር እንደነበር፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይሰለቹ አሳይተዋል። የባለቤታቸው እኅትም አይተዋል።

ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ስብስቡ ሳይጓደል ለልጃቸው እንዲሆን ተናዘዙ። የባለቤታቸው እኅት ግን ላስታምም ብለው መጥተው፣ ልጅቱ መድኃኒት ልታመጣ በወጣችበት፣ ወርቅ ነው ያሉት ቢጫ ድንጋይ ለአንጥረኛ ጠርቶ እንዲታይ ብለው መደርደሪያውን ሙሉ ሳፋ ውስጥ ገልብጠው፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ደፉበት። ወረቀቱ ሁሉ ሟሟ። ቤቱን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሞላው፤ እኅታችንም በዚያ በማይረባ ሳንባቸው እያሳሉ፣ እንዲህ የሚሸተውን የዚንክ ድንጋይ አሲድ ውስጥ የከተተው ማነው ብለው ከመኝታቸው ጠየቁ። 

አንጥረኛው ቢጫውን ድንጋይ አንድ ጊዜ ፈትጎ፣ ጥቁር ሲያሰምር አይቶ መለሰላቸው። አይነጋ መስሏት ስለተባለላት ሴት የሚነገረውን ተረት፣ ለቦታው ክብር ስል አልጨርሰውም። ብቻ ሴትዮዋ ተመልሰው፣ እውነተኛው የት ተደብቆ ነው እያሉ የታማሚዋን ትራስ አነሡ፤ ፍራሹንም ከነበሽተኛዋ ገለጡ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም እህል ስቀምስ ትዝ እያለኝ ይቀፈኛል።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ድንጋዩን ከአሲዱ አጥባ፣ እናትና ልጅ ሳፋውን አልጋው ላይ አስቀምጠው ወረቀት የመጻፉን ሥራ እንደገና ጀመሩ። የድንጋዩን ዓይነት ልጅቱ በሴራሚኩ እየፈተገች ቶሎ ትለይ ነበር፤ ቦታውን ግን ማንም ሊፈትገው አይችልምና፣ እናቲቱ እያንዳንዱን በእጃቸው እያገላበጡ፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ከፍ እያደረጉ፣ ይሄ ከድልድዩ ሥር፣ ይሄ አባትሽ ጎማ የፈነዳበት ዳገት ላይ እያሉ ተናገሩ። ጭንብሉን አታንሡ ብንላቸው፣ ትንፋሹማ ለዚህ ካልሆነ ለምኔ ነው አሉን። ሳፋው እንደተጋመሰ፣ ልጃቸው ለዘረጋችላቸው ድንጋይ መልስ ሳይሰጡ ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ግማሽ ሳፋ ዲዳ ድንጋይ ትተው አልፈዋል። የባለቤታቸውንም እኅት፣ ከሁላችን በላይ ጮኸው እያለቀሱ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋልና፣ ከቤተሰቡ ልፍቃቸው አልችልም።

አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለልጃቸውና ለባለቤታቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለቀረነው ግን አሁን መጽናናትን አልለምንም፤ አስቀድሞ እፍረት ይስጠን።