ቀኝ ነው ግራ?

«ዘንድሮ ዝናቡ ቸር ነው፤ አይደል የኔታ? ገብሱ በሐምሌ ጉልበት ደረሰ! በእርስዎ በኩል፣ በደብርዎ በቤተ ልሔምስ? … ተመስገን ነው። እኛ ዘንድ ባቄላው ትንሽ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ታርቋል።»

እትዬ ተዋበች ጥቁር ጃንጥላቸውን ከምግብ ቤቱ ግድግዳ አስደግፈው፣ አንድ ቀይ የስፖርት ጃኬት አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኑረው፣ ከድጓ መምህሩ ከየኔታ ቀለመ ወርቅ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የኔታ ዕለቱ ዐርብ ነውና ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ሆኗል ሥራቸው።

ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ጥላዬ ሽሮ እየበላ ነበር። ጃኬቱን ሲያይ ዐወቀው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር፣ በዚያው ጃንጥላ ሥር፣ ይህንኑ ጃኬት አቅፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ የቆሙት ሴትዮ እኚህ ናቸው። ጃኬቱ የይበልጣል ነው። እሳቸውም የይበልጣል አክስት ናቸው።

ጥላዬ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ነው። ይበልጣል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን አራት ዓመት በተከላካይነት ተጫውቶ፣ በሰኔ ተመርቆ ወደ አርብ ገበያ የተመለሰ፣ በር ሲገባ አንገቱን የሚሰብር ቁመተ ረጅም ልጅ ነው። ያን መንገድ ችሎ እስከዚህ የመጣ መልማይ ከዚህ በፊት አልነበረም፤ ከዚህ በኋላም መምጣቱን እንጃ። ዛሬ ካለፈች አለፈች ማለት ነው።

ጥላዬ ጠዋት የልጁን ቁመት በሜትር ለካ። ሠላሳ ሜትር አስሮጦ በሰዓት ያዘው። አዘለለው። ከዚያ ከወገዳ ከመጣ ቡድን ጋር ግማሽ ሰዓት አጫወተው። የከተማው ቡድን የቀኝ መስመር ተከላካይ ስላልመጣ፣ «አንተ ትልቁ፣ ቀኝ ቁም» አለው። ይበልጣል ሄዶ ቆመ። የወገዳው አጭር የክንፍ ተጫዋች ሦስት ጊዜ አለፈው፤ ከሦስቱ ሁለቴ ጭቃው ላይ ዘርግቶት ነው ያለፈው። ጥላዬ ለሾፌሩ «ቀርፋፋ ነው» አለና ታብሌቱ ላይ «ቀርፋፋ፤ አይሆንም» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት ደብረ ታቦር ገብቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ለአሠልጣኙ ይልከዋል፤ በዚያው ይዘጋል።

ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። ዕለቱ የገበያ ቀን በመሆኑ መኪናውን አህዮች ከብበውት፣ ሾፌሩ የአህዮቹን ባለቤቶች ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል። ጥላዬ ጊዜውን ሊገፋ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለህይወት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ፎቶ በስልኩ አሳይቷታል። «አባቴ እኮ የእናንተው አገር ሰው ነበር፤ የስማዳ ገበሬ» ብሎም አጫውቷታል። ምነው ድምፁን ዝቅ ባደረገ!

«ከብት ተራ ደርሼ መጣሁ፤» አሉ እትዬ ተዋበች። «እርስዎ እንኳ ለከብት ተራ ወሬ ጆሮ የለዎትም፤ ይቺን ብቻ ግን ይስሙኝ። አንድ በሬ ገዢ አየሁ። ምን ያለ ገዢ መሰልዎት! ንጹሕ! ጫማው ነጭ። በሐምሌ፣ በዚህ በእኛ ጭቃ፣ ነጭ ጫማ! … እንዲህ ያለ ሰው እግሩ መሬት አይነካ ይሆናል።»

ጥላዬ እግሩን ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ሳበ።

«ዐዋቂነቱንስ ተዉት። እኛ ያልተማርነው በሬ ስንገዛ ምን እናደርጋለን? ጥርሱን እናያለን፣ ሻኛውን እንጨብጣለን፣ ጥቂት እናስኬደዋለን፤ በቃ። እሱ ግን ሜትር አወጣ። አዎ፣ ያንን ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን! ዳልቻውን በሬ ከሰኮናው እስከ ቀንዱ ለካው። ጻፈ። አጻጻፉም እንደ እርስዎ ብርዕና ቀለም አይፈልግም፤ በጣቱ መስተዋት እየነካ ነው የሚጽፍ። ከዚያ ደግሞ … ሳቄን ይቅር ይበለኝና … በሬውን አስሮጠው! በሰዓት! የኔታ፣ እስከዚህ ዕድሜዎ ሮጦ እህል ያበቀለ በሬ አይተው ያውቃሉ? እኔስ አላየሁም። ባልማር ነው። ለካስ እስከ ዛሬ ትልም ለትልም ቀስ እያልን ያረስነው በሞኝነት ኖሯል!»

የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። ህይወት ብርጭቆ ላጥብ ብላ ጓዳ ገባች፤ የብርጭቆ ድምፅ ግን አልተሰማም።

«‹በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ› ይላል ያገራችን ሰው። ይኼኛው ሳሩንም ለካ፣ ገደሉንም ለካ፣ በሬውን ብቻ ሳያይ ቀረ። ዓይኑን አሞት ይሆን እንዴ? … ኧረ ዓይኑስ ደህና ነው። መነጽሩ እንዴት ያምራል!»

ጥላዬ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አነሣና መለሰው። ቢያወልቀው «እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። ባያወልቀው ደግሞ መነጽር አጥልቆ መቀመጡ ነው። ሽሮውን አየ። ሽሮው ቀዝቅዟል።

«ከዚያ የመጥመዱ ነገር መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ‹ጠምደህ እየው› ሲሉት እሺ አለ። የቀኙ በሬ ዛሬ አልነበረም። ታዲያ ምን ቸገረው? ዳልቻውን ነዳና በቀኝ ጠመደው። … በቀኝ፣ የኔታ! እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት፤ ግን በእርሻ መካከል አድገዋልና ይፍረዱኝ። ዳልቻው ከወይፈንነቱ ጀምሮ በግራ የተጠመደ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በግራ! ትልሙን የሚይዘው በግራ፣ ‹ተመለስ› ሲሉት የሚዞረው በግራ። በቀኝ ሲጠምዱት ምን ይሁን? ተደናበረ። ያገኘውን ገፋ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ያ ዐዋቂ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ቀርፋፋ ነው።› … እንዴት ያለ ምሁር ነው! እኔ ብሆን ‹ምን ነካው?› ብዬ ስጠይቅ እውላለሁ። እሱ ሳይጠይቅ ዐወቀ።»

ግራ።

ጥላዬ እንጀራውን ከእጁ አስቀመጠ። አሁን ታየው። ኳሱ በመጣ ቁጥር ልጁ ሰውነቱን ወደ ውስጥ ይሰብርና፣ ግራ እግሩን ያነሣና፣ ቦታው ትዝ ሲለው መልሶ ወደ ቀኙ ይቀይር ነበር። ሦስቱንም ጊዜ። ጥላዬ ይህን በዓይኑ አይቷል። አይቶም «ለመወሰን ይዘገያል» ብሎ በልቡ መዝግቧል። ሃያ ዓመት ኳስ ያየ ሰው!

«በሬው ለምን አልተናገረም ይሉኝ ይሆናል፤» እትዬ ተዋበች ጃኬቱ ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍራቸው ፈገፈጉ። «እውነትዎን ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የአሳዳጊዎቹ ነው። ‹ትልቅ ሰው ቁም ያለህ ላይ ቁም፤ ቃል አትመልስ› እያልን አሳደግነው። ‹ዝም አይነቅዝም› አልነው። ይኸው ነቀዘ! ጭቃውን እየጠረግሁለት ‹ምነው ግራ ነኝ ብትለው?› ብለው ምን አለኝ? ‹እንግዳ ይታረማል እንዴ እትዬ?› … በሬው ነው ያለኝ፣ የኔታ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ በሬ እንግዳ ማረም አፈረ።»

የኔታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከለሉት። ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ጥላዬም ሊስቅ ምንም አልቀረው። ሳቁ ግን ደረቱ ላይ ደርሶ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ልጁ ከሜዳ ሲወጣ በሁለት እጁ ጨብጦት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስለደከሙልን እናመሰግናለን» እንዳለው ትዝ አለው። ያን ጊዜ ነገሩን ወኔ ማጣት አድርጎ ቆጥሮበት ነበር።

«ደግሞ የእሱ ሙያ አይታይም። ፊት የሚሄደው ሲቀናው ይዘላል፣ ይታቀፋል፣ ይጨበጨብለታል። ኋላ ሆኖ የሚጠብቅን ማን ያየዋል? አጥር እኮ ነው! አጥርን አመስግኖ የሚያውቅ አለ? ከብት ገብቶ ቡቃያውን ሲበላ ብቻ ነው ‹አጥሩ የታለ?› የሚባለው። እርስዎስ ተማሪ ድጓ ልማር ብሎ ሲመጣልዎ ቁመቱን ይለካሉ? ‹ከማን ተማርህ? የት ደርሰሃል?› ይሉታል እንጂ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? … ይኼኛው ግን ሥራ ይወዳል፤ ጠምጥሞ ነው የመጣልን።»

በዚህ መካከል ሾፌሩ ደጃፉ ላይ ብቅ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ አህዮቹ ተነሥተዋል። ጥላዬ እፎይ አለ። ታብሌቱን ከፈተ፤ «አይሆንም» የምትለውን ቃል በጣቱ አጠፋት። «ቀርፋፋ» የምትለዋን ተዋት። አሠልጣኙ አይቶ የራሱን ይወስን። ደብረ ታቦር ሌላ ተጫዋች ይጠብቀዋል፤ ሰማዩም እየጠቆረ ነው። ይኼ በቂ ነው አለ በልቡ። ተነሣ።

እትዬ ተዋበች ግን ገና አልጨረሱም።

«ቢሆንም አልፈርድበትም። ከተሜ ነው፤ ከየት ያምጣው? … ውይ፣ ምን ነካኝ! ለካስ የገበሬ ልጅ ነው አሉ! ያውም የስማዳ! ይኼን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የስማዳ ገበሬ እኮ በሬ ሊገዛ ሲመጣ፣ ዋጋውን ቀርቶ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቅ ‹ቀኝ ነው ግራ?› ይላል። አባቱም ሳይሉ አልቀሩም፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። እንዴት ያሉ አባት ናቸው! ልጃቸውን አስተምረው ለወግ አበቁ። እሳቸው በአንዲት ጥያቄ ይደርሱበት የነበረውን ነገር፣ እሱ ዛሬ በሜትር፣ በሰዓትና በመስተዋት ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው። ትምህርት ጥሩ ነው።»

ጥላዬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ወገዳ ገበያ ትዝ አለው፤ እሱ ስምንት ዓመቱ፣ የአባቱ ጋቢ ጫፍ በእጁ። አባቱ የበሬውን አንገት እየዳሰሱ፣ ሻጩን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ቀኝ ነው ግራ?» ይላሉ። ሌላ በሬ፣ ሌላ ሻጭ፤ «ቀኝ ነው ግራ?» ትንሹ ጥላዬ ለብዙ ጊዜ ነገሩ የከብት ተራ ሰላምታ ይመስለው ነበር። እቤት ሲመለስ እናቱን «ቀኝ ነው ግራ?» ብሎ ሰላም ብሏት፣ አባቱ እስኪያነቡ ስቀዋል።

«እንግዲህ ሰው ሲሄድ ይመረቃል እንጂ አይታማም፤» አሉ እትዬ ተዋበች። «ምርቃቱስ የእርስዎ ነበር፣ የኔታ። ግን በባዶ ሆድዎ አላደክምዎትም፤ እኔው ልበል። ያን ሰው እግዜር ይባርከው። መንገዱን ያቅናለት። ነጭ ጫማውን ከጭቃችን ይጠብቅለት። ልጅም አለው አሉ፤ ዘጠኝ ዓመቱ። … ይደግለት። ቁመቱን እንደ ዝግባ ያድርግለት …»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰዱ።

የጥላዬ ስልክ እጁ ውስጥ ነበረ። ነካው፤ ፎቶው በራ። ልጁ ኳስ ሊመታ አንድ እግሩን አንሥቷል። ይህን ፎቶ መቶ ጊዜ ለመቶ ሰው አሳይቷል። የተነሣው የትኛው እግር እንደሆነ ግን አንድ ቀን ልብ ብሎት አያውቅም።

ሾፌሩ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ አዙሮ ይጠብቃል። ጥላዬ ከደጃፉ ሆኖ በአገጩ ሽቅብ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ አመለከተው።

እትዬ ተዋበች አይተዋል። ጃኬቱን ከጭናቸው አንሥተው ዘረጉት፤ ባለቤቱ ደግሞ ሊለብሰው እንደሆነ ሁሉ እጅጌውን አስተካከሉ። ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡና፣ ከቅድሙ ይልቅ በለሰለሰ፣ ማር በሚመስል ድምፅ የጀመሩትን ጨረሱ።

«… ነፍስ ዐውቆ፣ ያለውን ሊያሳይ ሰው ፊት በቀረበ ዕለትም፣ ቁርጥ አባቱን የመሰለ መዛኝ ያቁምለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ የኔታ!»