የኮረሪማ ዘይትና የታመቀው ጋዝ

ሀጂ ሀምዱ ቤቴል ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ሃጂራ የኮረሪማ ዘይት በሚያወጡበት ክፍል ራሳቸውን ስተው ወድቀው፣ ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል።

«ሀጂ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለቻቸው ጥርሷን አሟት የመጣች አንዲት ወጣት። የቀድሞ ጎረቤታቸው የኢብራር ልጅ ጁወይሪያ ናት፤ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ትሠራለች።

የሆነውን ነገሯት። የተፈጨውን ኮረሪማ ሄክሴን በሚባል ከነዳጅ የሚገኝ ፈሳሽ ይዘፈዝፉታል፤ ቀጥሎ ፈሳሹን በሙቀት ያተኑታል፤ ዘይቱ ይቀራል።

«ትነቱ ነው የጣላቸው። እሳት ቢነካውማ ግቢው በሙሉ ይጋይ ነበር።»

«ልጄ፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ሥራ ነው። ያለሱ ዘይቱ ከፍሬው አይላቀቅም።»

«በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላቀቃል።»

ሀጂ ተቆጡ። «ከሰል አንድዶ የተኛውን ሰው የሚገድለው? እሱን ነው ምግብ ውስጥ የምጨምረው?»

«የከሰሉ ሌላ ነው፤ ስማቸው ተመሳስሎ ነው። ይሄኛው ለስላሳ ሲከፈት የሚፈላው ነው።»

«ቢሆንስ! ጋዝ ቅባት ሲያሟሟ ማን አየ?»

ዕድሜውን በእጁ ሲሠራ የኖረ ሰው ያላየውን በወሬ አይቀበልም። ጁወይሪያ ይህ ስለገባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«በወፍራም ብረት ውስጥ በኃይል ታምቆ ትንሽ ሲሞቅ፣ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ጠባይ ያመጣል። እንደ ጋዝ ፍሬው ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ዘይቱን አሟሙቶ ይወጣል። ግፊቱን ሲለቁለት ተመልሶ ጋዝ ይሆንና ዘይቱን ትቶ ይሄዳል። ጋዙንም ሰብስበው መልሰው ይጠቀሙበታል።»

«አደጋ የለውም በይኛ!»

«እሱንስ አልልም፣ ሀጂ። ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ብረቱ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ጋዙ በተዘጋ ክፍል ቢያፈተልክ አየር ያሳጣል። ማሽኑም ውድ ነው፤ ብቻዎን አይችሉትም።»

ሀጂ፣ ጉድለቱን ያልደበቀች ልጅ ጥቅሙን አጋንና አትነግረኝም ሲሉ አሰቡ። ወዲያው ሐኪሙ ብቅ ብሎ፣ ሃጂራ እንደሚድኑ፣ ወደዚያ ክፍል ግን መመለስ እንደሌለባቸው ነገራቸው።

በሳምንቱ ባልና ሚስቱ አንድ ፌስታል ኮረሪማ ይዘው ቤተ ሙከራ ሄዱ። ጁወይሪያ በታመቀው ጋዝ ያወጣችውን ዘይት ሃጂራ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

«ሀጂ፣ እስከ ዛሬ የኮረሪማ ጠረን ያልነው ግማሹ የሄክሴን ነበር እኮ!»

ሀጂ ሀምዱም ተቀብለው አሸተቱ። እቤት እንደደረሱ የሄክሴኑን ክፍል ቆለፉት።

ከዚያ አየር ጤና ሰፈር ያሉትን ቅመም ነጋዴዎች እየዞሩ ማሽኑን በጋራ እንግዛ እያሉ መወትወት ጀመሩ። ሰይፈዲን የሚባለው ሳቀባቸው፤ ዘይቱን እንዲያሸትተው ሲሰጡት ግን ሳቁን አቆመ። ተጣምረው ማሽኑን ለማስገባት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ዛሬ በጋራ በሚሠሩበት ቤት ትነት ሠራተኛ አይጥልም፣ ጎረቤትም በእሳት ስጋት አያድርም። ዘይቱ የነዳጅ ርዝራዥ ስለሌለበት ምግብ አምራቾች ራሳቸው ይጠይቁታል፤ ጋዙም አንድ ጊዜ ተገዝቶ ደጋግሞ ይሠራል። ማሽኑ ያለው መስኮተ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አጠቃቀሙን ከጁወይሪያ ተምረው የሚቆጣጠሩት ሃጂራ ናቸው። ሀጂ ሀምዱ እንኳ ሳያስፈቅዱ አይነኩትም።